የ40 በመቶው ጉድለት፦ የኪነቲክና የእምቅ ጉልበት ጥያቄዎችን በኳስና በቦይ የመፍታት ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ኪነቲክ (ዕቃ በመንቀሳቀሱ ስለሚይዘው) እና ስለ እምቅ (ዕቃ ከፍ ብሎ በመቀመጡ ወይም በመሳቡ ስለሚይዘው) ጉልበት ከሚጠይቁ አሥራ ሁለት መልመጃዎች ዘጠኙን በትክክል ሠራሁ፤ ውጤቱ ግን አላስደሰተኝም። ያገኘኋቸው ዘጠኙ ቁጥርን ከጥያቄው አንሥቶ ቀመር ውስጥ ከመክተት ያለፈ ነገር የማይፈልጉ ሲሆኑ፣ የሳትኳቸው ሦስቱ ግን «ጉልበቱ ከየት መጥቶ የት ገባ?» ብሎ ማሰብን የሚጠይቁ ነበሩ። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱን ጥያቄ በወረቀት ከፈታሁ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በዕቃ ሠርቼ መልሱን በማስመሪያ ለመለካት ወስኛለሁ። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ግምቱ ከሙከራው በፊት ወለሉ ላይ በእርሳስ ይሰመራል፣ ከተሰመረ በኋላም አይነካም።

ከሳትኳቸው አንዱን እዚህ ላስፍረው። ከወለል 3 ሜትር ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን መጽሐፍ፣ ከፍታው 1 ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ ጠረጴዛውን ሲነካ ፍጥነቱ ስንት ነው? እኔ በችኮላ የእምቅ ጉልበትን ቀመር (መጠነ ቁስ × የስበት ፍጥንጥነት 9.8 × ከፍታ) ይዤ 2 × 9.8 × 3 ብዬ 58.8 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) አልኩ። መጽሐፉ የወረደው ግን 2 ሜትር ብቻ ስለሆነ ወደ ኪነቲክ የተለወጠው 39.2 ጁል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 6.26 ሜትር ነው። ወለሉን ዜሮ ብለን ብንጀምር እንኳ መደርደሪያው ላይ የነበረው 58.8 ጁል ሲሆን ጠረጴዛው ላይ የቀረው እምቅ ጉልበት 19.6 ጁል ስለሆነ ልዩነቱ ያው 39.2 ነው። እምቅ ጉልበት ብቻውን ቆሞ ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚኖረው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲኬድ ያለው ልዩነት ነው። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ቀመሩ ውስጥ «ከፍታ» የሚለውን ቃል ሳይ በጥያቄው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘሁትን ከፍታ ስለከተትኩ ነው።

2ኛ ቀን

ዕቃውን ሠራሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳ ላይ የሚተላለፍበትን የፕላስቲክ ቦይ ክዳኑን አውልቄ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጌ አሰርኩት፤ ሌላውን ጫፍ ጠረጴዛው ዳር ላይ ቀስ ብሎ እንዲታጠፍና የመጨረሻው አንድ ስንዝር ያህል ፍጹም አግድም እንዲሆን በፕላስተር አጣበቅሁት። የቦዩ የውስጥ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የምትንከባለለው ኳስ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች፣ ዲያሜትሯ 20 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 32.7 ግራም የሆነች የብረት ኳስ ናት። ኳሷ ከቦዩ ስለምትሰፋ ወደ ውስጥ አትገባም፤ በሁለቱ የቦዩ ከንፈሮች ላይ እንደ ባቡር በሐዲድ ትሄዳለች። (ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ምንም ትርጉም አልሰጠሁትም ነበር፤ በ4ኛው ቀን ተመልሼ አሰመርኩበት።)

የአግድሙን ጫፍ በውኃ ልክ አስተካከልኩ፤ ከጫፉ ሥር ያለውን የወለል ነጥብ ለማግኘት ቱምቢ አንጠለጠልኩ፤ ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ ለማወቅ ደግሞ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ካርቦን ወረቀት ገልብጬ ደረብኩበት። ኳሷ የምትወርደው ከፍታ ከመሐል እስከ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቦዩ ጫፍ ስትወጣ ከኳሷ ታች እስከ ወለሉ ያለው ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ነው።

ግምቱን ስሠራ ኳሷ 8 ሜትር ርቃ ትወድቃለች የሚል መልስ አገኘሁ። ክፍሉ ራሱ 8 ሜትር አይሞላም። ስህተቱ የታወቀው ስህተት ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትሩን ወደ 0.20 ሜትር ሳልለውጥ 20 ብዬ ከትቼ ኳሷን በሰከንድ 19.8 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ አስሮጫታለሁ። ከፍታው መቶ ጊዜ ሲሳሳት ፍጥነቱ የተሳሳተው አሥር ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ደግ ነው፤ ፍጥነት የሚከተለው የከፍታን ስኩዌር ሩት ነውና።

የተስተካከለው ስሌት ይህ ነው። የወረደው እምቅ ጉልበት በሙሉ ወደ ኪነቲክ ከተለወጠ፣ 9.8 × 0.20 ከግማሽ የፍጥነት ስኩዌር ጋር እኩል ይሆናል፤ መጠነ ቁሱ በሁለቱም ወገን ስላለ ይሰረዛል። ፍጥነቱ √3.92፣ ማለትም በሰከንድ 1.98 ሜትር ነው። ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውደቅ የሚፈጀው ጊዜ 0.404 ሰከንድ ነው፤ ወደ ጎን የሚደረገው ጉዞ ይህን ጊዜ አያረዝመውም፣ አያሳጥረውምም። ሁለቱን ሳባዛ 80.0 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህን ያህል የተሟላ ቁጥር መውጣቱ አስገርሞኝ ስሌቱን በቁጥር ሳይሆን በቃል ስሠራው ርቀቱ የሁለቱ ከፍታዎች ብዜት ስኩዌር ሩት ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ 9.8ም ተሰርዟል። ይህ ማለት ሙከራው ጨረቃ ላይ ቢሠራም ኳሷ በዝግታ ትውደቅ እንጂ እዚያው ምልክት ላይ ታርፋለች።

በ80.0 ላይ መስመር አሰመርኩ።

3ኛ ቀን

ዐሥር ጊዜ ለቀቅኋት። ካርቦኑ ሥር የተገኙት ዐሥሩ ነጠብጣቦች በሙሉ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ አማካያቸው ግን 61.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመስመሩ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድሏል።

በርቀት ሲታይ ጉድለቱ ከሩብ ያነሰ ይመስላል፤ በጉልበት ሲታይ ግን ይከፋል። ርቀቱ ፍጥነትን ስለሚከተልና ጉልበት የፍጥነትን ስኩዌር ስለሚከተል፣ 61.9ን ለ80 አካፍዬ ውጤቱን በራሱ ሳባዛው 0.60 ይመጣል። ከነበረው እምቅ ጉልበት 40 በመቶው የለም ማለት ነው። በጁል ካሰብነው፣ ኳሷ ይዛው የተነሣችው 64.1 ሚሊ ጁል ሲሆን ወደፊት በመሄድ ያሳየችው 38.4 ሚሊ ጁል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰበቃ፣ ማለትም ኳሷና ቦዩ ሲነካኩ እንቅስቃሴን የሚገታው ኃይል ነበር። እንዲያውም ማስታወሻው ላይ «ቀሪው በሰበቃ ጠፋ» ብዬ ጽፌ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም፤ መልመጃዎቹም ዘወትር በዚህ ይዘጋሉ። ነገር ግን ነጠብጣቦቹ እንዲያ ተጠጋግተው መሰብሰባቸው አላስተኛኝም። የጠነከረች፣ የለሰለሰች የብረት ኳስ በአንድ ሜትር ቦይ ላይ ተንከባላ 40 በመቶ ጉልበቷን ለሙቀት ትሰጣለች ብሎ ማመን ይከብዳል።

ስለዚህ ጥርጣሬውን የሚፈትን ነገር አደረግሁ። ሰበቃ የሚበላው ጉልበት መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይበዛል፤ የወረደው ከፍታ ግን ለመንገዱ ርዝመት ደንታ የለውም። ከፍታውን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ትቼ ቦዩን አስረዝሜ ዳገቱን አላላሁት፤ መንገዱ ከሞላ ጎደል እጥፍ ሆነ። ሌባው ሰበቃ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱም ወደ እጥፍ በተጠጋ ነበር። ኳሷ ያረፈችው 61.4 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ለውጡ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰበቃ አለ፣ ግን ጥቃቅን ሌባ ነው፤ ትልቁ ሌባ ሌላ ነው፣ እሱም የመንገዱን ርዝመት አይጠይቅም።

4ኛ ቀን

ኳሷ ላይ በማርከር ወገቧን ዞሮ የሚመለስ ጥቁር መስመር አሠመርኩና በስልክ ካሜራ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ጉዳዩ ሁሉ እዚያ ተገለጠ። ኳሷ ወደፊት ከመሄዷ በተጨማሪ በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች፣ መሽከርከርም ኪነቲክ ጉልበት ነው። እኔ ስሌቱን የሠራሁት በበረዶ ላይ ለሚንሸራተት ዕቃ ነው፤ የሠራሁት ዕቃ ግን ይንከባለላል።

ድፍን ኳስ በዝርግ ነገር ላይ ሳትንሸራተት ስትንከባለል ከጠቅላላው ኪነቲክ ጉልበቷ ሰባት እጅ አምስቱ ወደፊት መሄጃ፣ ሁለቱ መሽከርከሪያ ነው። ይህንን ክፍፍል ከትቼ ርቀቱን ዳግመኛ ስሠራ 67.6 ሳንቲ ሜትር አገኘሁ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ከ61.9 ጋር አሁንም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ፣ ነጠብጣቦቹ የተበተኑት ግን በ8 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። «ተቀራርቧል» ብዬ ልተወው እችል ነበር፤ ነገር ግን ከተበተኑበት ስፋት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ልዩነትን ተቀራርቧል ማለት ራስን መሸንገል ነው።

ቪዲዮውን መልሼ መላልሼ አየሁት። ከቦዩ ጎን ማስመሪያ አስቀምጬ ስለነበር ጥቁሩ መስመር አንድ ዙር ሞልቶ ሲመለስ ኳሷ ምን ያህል እንደተጓዘች ማንበብ ቻልኩ። ዲያሜትሯ 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 62.8 ሚሊ ሜትር መሄድ ነበረባት። የሄደችው ግን 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሚገባት በላይ ትሽከረከራለች!

ምክንያቱ በ2ኛው ቀን ሳላስተውል የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ኳሷ የምትሄደው በታችኛው ነጥቧ ሳይሆን በሁለቱ የቦይ ከንፈሮች ላይ ነው። ከንፈሮቹ ከመሐሏ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ፤ ራዲየሷ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከመዞሪያ ዛቢያዋ እስከ ከንፈሮቹ ያለው ቁመት በፓይታጎረስ ደንብ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኳሷ 8 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው መንኮራኩር ላይ እንዳለች ትንከባለላለች፤ በ8 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የአንድ ዙር ርዝመት ደግሞ 50.3 ሚሊ ሜትር ነው። ቪዲዮው ያሳየኝ ይህንኑ ነው።

አሁን ስሌቱ ይስተካከላል። ወደፊት መሄጃው እንደ ወትሮው 0.5 ሲሆን፣ መሽከርከሪያው በዝርግ ነገር ላይ 0.2 የነበረው በ100/64 ተባዝቶ 0.3125 ይሆናል፤ ሁለቱም በመጠነ ቁስና በፍጥነት ስኩዌር ይባዛሉ። ድምሩ 0.8125 ነው። 9.8 × 0.20ን ለዚህ አካፍዬ ስኩዌር ሩቱን ሳወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.553 ሜትር፣ ርቀቱም 62.8 ሳንቲ ሜትር ሆነ። (ከላይ ካለው 62.8 ሚሊ ሜትር ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እኔንም ለጥቂት ደቂቃዎች አደናግሮኛል።)

የተለካው 61.9 ነው። የጉልበቱን ሒሳብ ስዘጋው፦ ወደፊት መሄጃ 38.4 ሚሊ ጁል፣ መሽከርከሪያ 24.0 ሚሊ ጁል፣ በሰበቃ፣ በድምፅና በቦዩ መንቀጥቀጥ የወጣ 1.7 ሚሊ ጁል፤ ድምሩ 64.1። በሰበቃ ጠፋ ልለው የነበረው 40 በመቶ አሁን 2.7 በመቶ ብቻ ቀርቶታል። የቀረው ጠፍቶ ሳይሆን በዓይኔ ፊት ሲሽከረከር ነበር።

6ኛ ቀን

ኪነቲክ ጉልበት ለምን ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን የፍጥነትን ስኩዌር እንደሚከተል ቀመሩን ሳላምን መፈተን ፈለግሁ። የቦዩን ጫፍ ወደ ጠረጴዛው መሐል ስቤ ኳሷ ስትወጣ የተደፋ የወረቀት ኩባያ ውስጥ ገብታ አብራው እንድትገፋው አደረግሁ፤ ለመግቢያዋ የኩባያውን አፍ በአንድ በኩል ቆርጬዋለሁ። ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስለቃት ኩባያው 7.1፣ ከ10 ስለቃት 14.0፣ ከ20 ስለቃት 27.5 ሳንቲ ሜትር ተንሸራተተ። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ርቀቱም እጥፍ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ የጨመረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ ኩባያው ግን አራት እጥፍ ያህል ተጉዟል።

አንድ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ኳሷ ከኩባያው ጋር ስትጋጭ የተወሰነ ጉልበት በግጭቱ ይባክናል፤ ታዲያ ንጽጽሩ እንዴት አልተበላሸም? የሚባክነው ድርሻ የሚወሰነው በሁለቱ መጠነ ቁሶች እንጂ በፍጥነቱ ስላልሆነ ከሦስቱም ከፍታዎች የተወሰደው ተመሳሳይ እጅ ነው። ንጽጽር የሚተርፈው በዚህ ነው፤ ርቀቱን በጁል ልተረጉም ብሞክር ግን ስህተት ውስጥ እገባለሁ።

ጥያቄው በራሱ ዘመን ብዙ አከራክሯል። የእንቅስቃሴን ብርታት ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በመጠነ ቁስና በፍጥነት ብዜት ሲለካ፣ ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በ1686 ፍጥነቱ በራሱ መባዛት አለበት ብሎ ተነሣ። በ1722 ሆላንዳዊው ስግራቬሳንደ የነሐስ ኳሶችን ለስላሳ ሸክላ ላይ እየጣለ ሲለካ ያገኘው ውጤት ስኩዌሩን ደገፈ፤ ፈረንሳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ኤሚሊ ዱ ሻትሌም ይህን ውጤት ይዛ ተሟገተችበት። ቀመሩ ውስጥ ያለው ግማሽ የተጨመረው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1829 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኮሪዮሊስ ኪነቲክ ጉልበት ከተሠራው ሥራ ጋር በቀጥታ እንዲመሳከር ግማሽ አድርጎ ጻፈው። እምቅ ጉልበት የምንለውንም ስያሜ ያወጣለት ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ራንኪን ነው፤ ይህም በ1853 ነበር። ቀመሩን በአንድ ደቂቃ ለሚሸመድድ ተማሪ ይህ ሁሉ ጊዜ መፍጀቱ የሚያጽናና ይመስለኛል።

8ኛ ቀን

የፔንዱለሙ ሥራ ፈጥኖ አለቀ። 1 ሜትር ክር ላይ ክብደት አስሬ ወደ 60 ዲግሪ ስቤ ለቀቅሁት። በዚህ ማዕዘን ክብደቱ ከታችኛው ነጥብ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል በታችኛው ነጥብ የሚጠበቀው ፍጥነት በሰከንድ 3.13 ሜትር ነው። ክሩ ይጎትታል እንጂ ሥራ አይሠራም፤ ጉተታው ምን ጊዜም ለእንቅስቃሴው ቀጥ ያለ ነውና። ጋሊሊዮ በ1638 ያሳተመውን የምስማር ሙከራም ደገምኩት፤ ከፍታውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ከለቀቅሁት በኋላ ክሩ መሐሉ ላይ ምስማር ሲገታው ክብደቱ በአጭሩ ክር ተጠምዝዞ እዚያው 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ወጣ። መንገዱ ተለወጠ፣ ከፍታው አልተለወጠም።

9ኛ ቀን

ሞላ። 100 ግራም ሳንጠለጥልበት በ4.0 ሳንቲ ሜትር ስለተሳበ ጥንካሬው (በአንድ ሜትር ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል) 24.5 ኒውተን በሜትር ነው። ከሦስቱ የተሳሳቱ መልመጃዎች ሁለተኛው ስለዚህ ነበር፦ ያንኑ ክብደት ሞላው ላይ አስረን፣ ገና ሳይሳብ በድንገት ብንለቀው እስከ ምን ድረስ ይወርዳል? እኔ 4 ሳንቲ ሜትር ብዬ ነበር፤ በዚያ ነጥብ ጉተታውና ክብደቱ እኩል ናቸውና። ነገር ግን ኃይሎች እኩል ሆኑ ማለት ዕቃው ቆመ ማለት አይደለም፤ በዚያ ነጥብ ፍጥነቱ እንዲያውም ከሁሉም ይበልጣል። የሚቆመው ክብደቱ ያጣው እምቅ ጉልበት በሙሉ ሞላው ውስጥ ሲገባ ነው፤ ይህም 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሁለቱም ወገን 78.4 ሚሊ ጁል ይሆናሉ።

ከኋላው ማስመሪያ አቁሜ ለቀቅሁት። በመጀመሪያው መውረድ ጠቋሚው 7.8 ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በ4 ዙሪያ ወጣ ገባ እያለ ቆይቶ በመጨረሻ 4 ላይ ረጋ። በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ ሳወርደው ግን በቀጥታ 4 ላይ ይቆማል፤ ያኔ ከእምቅ ጉልበቱ ግማሹን የሚወስደው እጄ ነው።

11ኛ ቀን

የ4ኛውን ቀን ማብራሪያ ለመፈተን አንድ የቀረ ነገር ነበር። ውጤቱን ካወቅሁ በኋላ የተሠራ ስሌት ውጤቱን ቢመስል ብዙ አያስደንቅም፤ ስለዚህ ገና ያልለካሁትን ነገር መተንበይ አለበት። ከሌላ ኩሽኔታ ዲያሜትሯ 10 ሚሊ ሜትር የሆነች ኳስ አወጣሁ። ክብደቷ 4.1 ግራም፣ የትልቋ አንድ ስምንተኛ ነው። ይህች ኳስ ከቦዩ ስለምትጠብ ከንፈሮቹን አትነካም፤ ወደ ውስጥ ገብታ በዝርጉ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች፤ ስለዚህ ለመሽከርከር የምታወጣው ከሰባት ሁለቱን እጅ ብቻ ነው፣ ከትልቋም ርቃ መውደቅ አለባት። መጠነ ቁስ እንደሚሰረዝ ስለማውቅ የክብደቱን ነገር ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁትም።

ያስገባሁት አንድ ጥቃቅን እርማት አለ። ትንሿ ኳስ በቦዩ ውስጥ ስለምትሄድ ከጫፉ ስትወጣ ታችኛው ነጥቧ ከትልቋ በ6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የምትወድቀውም 79.4 ሳንቲ ሜትር ነው። 67.6 የነበረው በዚህ ምክንያት 67.4 ሆነ። በ67.4 ላይ መስመር አሰምሬ፣ አዲስ ካርቦን አንጥፌ፣ ዐሥር ጊዜ ለቀቅኋት።

ከቦዩ ግድግዳዎች ጋር አልፎ አልፎ ስለምትነካካ ነጠብጣቦቹ ከትልቋ ይልቅ ትንሽ ተበትነዋል። አማካያቸው 66.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከትልቋ ምልክት በ4.6 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ከአዲሱ መስመር 9 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። የ80.0 መስመር ከሁለቱም ወዲያ እንደተሰመረ ነው።